የዘገየ ሳቅ

ይኸው አሁንም፣ አዳራሹ ሙሉ ስቆ ጨርሶ፣ ሰዉ ጉሮሮውን እየጠረገ ወደ ዝምታው ሲመለስ፣ ያን ጊዜ ነው የባሏ ሳቅ የምትመጣው፣ ብቻዋን፣ አውቶቡስ እንዳመለጣት ሴትዮ፣ ሃ ሃ፣ ከዚያ ቁርጥ። አራተኛዋ ናት። ቴአትር ቤት መጥታ መድረኩን ትታ የባሏን ሳቅ የምትከታተል ሚስት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፣ ምን ታድርግ፣ ያለ እሷ ማን ይከታተልለት።

መድረኩ ላይ ባለ ትልቅ ቆቡ አከራይ ይዘፍናል፣ ፖስተኛው ለሰዓት ሠሪው ልጅ የጻፈው የፍቅር ደብዳቤ በስህተት እሱ እጅ ገብቶ፣ ስም ስለሌለበት ለኔ ነው ብሎ ልቡ ቀልጧል፣ ከበስተጀርባው አሥር ሰው ጃንጥላ እያሽከረከረ ይቀበለዋል፣ ደስ ይላል፣ እውነቷን ነው፣ ደስ ይላል። ትኬቱን የሰጠቻቸው ልጃቸው ናት፣ ለጋብቻችሁ ሠላሳኛ ዓመት ብላ፣ ከዚያ ኩሽና ውስጥ ጠጋ ብላ፣ እማዬ፣ ለማክሰኞ ሦስት ሰዓት የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ይዤለታለሁ፣ ቴአትሩ ሳያልቅ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ አለቻት፣ ተይ አንቺማ አትንገሪው፣ ከልጁ አፍ ከሰማው ይሰበራል፣ እሺ፣ እነግረዋለሁ፣ አልኩሽ እኮ።

በየትኛው አፏ። የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ እኮ ስሙ ጆሮ ነው። የመታወቂያ ስሙን የሚያውቅ ያለ አይመስላትም፣ ጆሮ ይምጣ፣ ጆሮን ጥሩት፣ ሞተሩ ያንኳኳል ግን ከየት እንደሆነ ጠፋን ሲሉ እሱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል፣ ሦስተኛው ቫልቭ ነው፣ አለቀ። ባለፈው ሳምንት ግን ፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ከብረት የሚፋጭ መኪና ደህና ነው ብሎ ለባለቤቱ አስረከበ፣ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ የሚያየውን ፉጨት። የጋራዡ ባለቤት ለሱ መንገር አቅቶት ለሷ ደወለ። እትዬ፣ እባክዎ ያሳክሙልኝ፣ ጆሮ እያልኩ ያኖርኩትን ሰው በጆሮው ምክንያት ማሰናበት አልችልም፣ ግን ሰው ቢሞትስ። ቢሞትስ። ስልኩን ዘግታ ቁጭ አለች።

እሱን ከጠየቃችሁት ጆሮው ደህና ነው፣ ሰዉ ነው ዘንድሮ ማንሾካሾክ ያበዛው፣ ቴሌቪዥኑ ነው የደከመው፣ አንቺ ነሽ ከሌላ ክፍል ሆነሽ የምታወሪው። እሷ! ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ልጆችን ሽሽ ስትል የኖረች፣ ድምፅዋ ከገጽ መግለጥ የማይበልጥ ሴት፣ ዓመት ሙሉ ቤቷ ስትገባ እንደ ታክሲ ረዳት ትጮኻለች፣ ጨው አቀብለኝ፣ ጨው፣ ጨ፣ ው፣ ጎረቤት ተጣሉ ብሎ ሁለት ጊዜ በር አንኳኩቷል።

በዕረፍቱ ልትነግረው ነበር። ለስላሳ ይዞላት መጣ፣ ፊቱ በርቶ፣ ዘፈኑስ ብትይ፣ ልብ ይነካል አይደል፣ አላት። ዋጠችው፣ ነገሩንም ለስላሳውንም።

ደግሞ ያያታል። መብራቱ ከጠፋ ጀምሮ በዓይኑ ጥግ ያያታል፣ ሰማያዊው ሻርፕ ነው፣ ትላለች ለራሷ፣ ገና ስንተዋወቅም እንዲህ ነበር የሚያየኝ፣ ጉንጯ ሞቅ ይላል፣ አታፍሪም አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜ። ፖስተኛው ይደናቀፋል፣ አንድ ነገር ይላል፣ አዳራሹ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ቆይቶ፣ ሃ ሃ። አምስተኛዋ። ያን ጊዜ ይገባታል። ሻርፑን አይደለም፣ ጉንጯን ነው የሚያየው። ጉንጯ ሲነሳ ይስቃል። ጥያቄው እንዳልገባው ተማሪ ከጎኑ ይኮርጃል።

ወይ የኔ ሰው። ስንት ምሽት፣ እህቷ ቤት፣ ጎረቤት፣ ልጃቸው ጓደኞቿን ይዛ የመጣች ዕለት፣ አንዲት ቃል ሳይሰማ እሷ ስለሳቀች ብቻ ሳቀ። ያቺ የመጀመሪያዋ የኪራይ ክፍል ትዝ ትላታለች፣ ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጥፎ፣ ዝም በይ፣ ልቧ ይሰማኛል፣ ሴት ናት፣ የሴት ልብ ነው። ደረቱን ነፍቶ ዋሽቶ ነበር፣ ግን ሴት ሆነች። አሁን ዕንባዋ መጣ፣ አታልቅሺ፣ ካለቀስሽ እሱም ቆይቶ ያለቅሳል።

ቁርጥ አድርጎ መንገር ነው። ጆሮህ ታሟል። አይ። ያፍራል፣ ካፈረ ደግሞ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ቴአትር የለ፣ እህቷ ቤት የለ፣ ጋራዥ የለ፣ ታውቀዋለች። የሚያሳፍረው አለመስማቱ እንኳ አይመስላትም። ብቻውን መሆኑ ነው።

ብቻውን።

አከራዩ ደብዳቤውን ዘርግቶ ቆሟል፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ሙዚቃው ቆሟል፣ ወገብሽ ቀጭን ይላል፣ ይላል አከራዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሽ ያለው የፊደል ስህተት ነው፣ ቀጭን ያለው ግን ልክ ነው። አዳራሹ ይፈነዳል። አትሳቂ። ጥርስሽን ንከሺ፣ ጉንጭሽን ያዥ። እሱ ያያታል፣ ጉንጯ አልተነሳም፣ እሱም አይስቅም፣ ግራ ገብቶት አንዴ ሰዉን አንዴ እሷን ያያል፣ ቆይ፣ ትንሽ ቆይ፣ ሰዉ ይመለስ፣ ጸጥ ይበል፣ አሁን። ሃ ሃ ሃ።

ብቻዋን። ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች ይዞራሉ። ባሏ ደንግጦ ወደ ጆሮዋ ይጠጋል፣ በሱ ቤት ሹክ ማለቱ ነው፣ ጋራዥ ሙሉ በሚሰማ ድምፅ፣ አንቺም አልሰማሽም እንዴ?

አንቺም።

ም። ይቺ ፊደል። ዓመት ሙሉ በጩኸት፣ በጎረቤት፣ በጨው ያልወጣችው አንዲት ፊደል ከአፉ አመለጠች፣ እሱም ያወቀ ይመስላል፣ ዓይኑን ወደ ጫማው ይሰብራል። አትሂድብኝ፣ እዚሁ ነኝ። ወደ ግራ ጆሮው ዞራ፣ የምትሻለው ግራዋ ናት፣ ከንፈሯን ለጥፋ፣ እኔም፣ ትለዋለች፣ ማክሰኞ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን፣ ሁለታችንም እንታያለን።

መድረኩን ያያል። ጃንጥላዎቹ ይሽከረከራሉ፣ አንድ ዘፈን ሙሉ ያልቃል፣ እሱ ግን ከዚህ በኋላ አንዴም ጉንጯን አላየም፣ ብቻ እጁ መጣ፣ ሦስቴ በሳሙና ታጥቦም ዘይት ዘይት የሚሸተው እጅ፣ እጇ ላይ ተቀመጠ።

ስንት ሰዓት ነው፣ ይላል፣ እየጮኸ።

ከኋላ አንድ ሰው፣ ሽሽሽ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሽሽ ስትል የኖረችው ሴት ሽሽ ተባለች። ዞራ ይቅርታ ልትል ታስባለች፣ ትተወዋለች። ሦስት ሰዓት፣ ትላለች ጮክ ብላ፣ ጨው አቀብለኝ በምትልበት ድምፅ፣ ሦስት ሰዓት፣ ማክሰኞ።