የላይኛው ፍሬን

ኑሃሚን ሐዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትፈትሽ ቁርስ አትቀምስም ነበር። ተወልዳ ያደገችው ምዕራብ ዓባያ ነው። አርባ ምንጭ መጥታ ሜካኒካል ምህንድስና ተማረች፤ ተመርቃም ብዙ ደጅ ጠናች። በመጨረሻ ያገኘችው ሥራ ከዓባያ ሐይቅ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የተተከለውን ሮለር ኮስተር፣ ሰው ለመዝናናት የሚሳፈርበትን ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘግ ባቡር፣ መንከባከብ ነው። ባለቤቱ አቶ ኤርጫፎ የካምባ ሰው ናቸው፤ በጭነት መኪና ሀብት ያፈሩ፣ የጀመሩትን ዳር ሳያደርሱ የማያርፉ። ማሽኑን ያገለገለ ገዝተው ከውጭ አስመጡት። የከተማው ሰው «ባቡሩ» ይለዋል።

የዚያን ዕለት ጠዋት የሐዲዱ አጋማሽ ላይ፣ ከፍ ካለው ኩርባ ስትደርስ ቆመች። የላይኛው ፍሬን ሁለት መንጋጋዎች በወፍራም ሽቦ ግራና ቀኝ ተወጥረው ታስረዋል። እንዲህ ሆነው ምንም ነገር ሊይዙ አይችሉም። ሽቦውን ነካ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ቢሮ ወረደች።

«ጋሼ፣ የላይኛውን ፍሬን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩት» አሉ አቶ ኤርጫፎ። «ሕዝቅኤልን አትቆጪው፤ ታዞ ነው።» ሕዝቅኤል የግቢው በያጅ ነው።

ምክንያታቸውን ለመረዳት አልተቸገረችም። ባለፈው ሳምንት በሙከራ ላይ ሳሉ መብራት ጠፍቶ፣ እህታቸው ሻሺቱና አብረዋት በቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩ ሴቶች እዚያ ኩርባ ላይ በፀሐይ ተንጠልጥለው ቀርተው ነበር። መሰላል ተፈልጎ እስኪወርዱ ወሬው የታችኛውን ሰፈር ሲቀላን አዳርሶ ላይኛው ሴቻ ደረሰ።

«ሰው ሰቅሎ ያስቀራል እየተባለ ማን ይመጣል?» አሉ አቶ ኤርጫፎ። «ቅዳሜ እንከፍታለን። መብራት ሲጠፋ እላይ አይገተር፤ ዝም ብሎ ወርዶ ታች ይቁም።»

«ጋሼ፣ ይህ ነገር ሞተር የለውም። የካቴናው ሰንሰለት እስከ ጫፍ ይጎትተዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነዳው የራሱ ክብደት ነው። የሚረገጥ ፔዳልም የለውም። ፍሬኑ ያለው ሐዲዱ ላይ ነው፤ ከባቡሩ ሆድ ሥር የወረደውን ብረት ግራና ቀኝ ይዞ ይነክሰዋል።»

«ይህን አላጣሁትም።»

«የከባድ መኪናዎ የፍሬን ንፋስ ሲያልቅ፣ ጎማው ይለቀቃል ወይስ ይያዛል?»

አቶ ኤርጫፎ ፈገግ አሉ። በዚህ በኩል ትመጣለች ብለው አልጠበቁም። «ይያዛል እንጂ። ንፋሱ ጥምዝምዙን የብረት ሞላ ገፍቶ ነው የሚለቀው። ንፋስ ከሌለ ሞላው ይነክሳል።»

«ይኸኛውም እንደዚያው ነው። መብራት ሲጠፋ ንፋሱ ይወጣል፤ ሞላው ይነክሳል። መቆሙ ብልሽት አይደለም፤ ሥራው ነው። የምናዞረው ሁለት ባቡር ነው፤ የፊተኛው ታች ገብቶ ቦታ ሳይለቅ የኋለኛውን የሚያግተው የላይኛው ፍሬን ነው። እሱ ከታሰረ የሚያግተው የለም።»

«ልጄ፣ አንቺ ማሽን ታውቂያለሽ፤ እኔ ደግሞ ሰው አውቃለሁ። የሚፈራውን ነገር አይሳፈርም። አልችልም ካልሽ ሌላ መሐንዲስ እፈልጋለሁ።»

ኑሃሚን የትምህርት ማስረጃዋን በፌስታል ይዛ ከቢሮ ቢሮ የዞረችበት ድካም ገና ከእግሯ አልወጣም። ቢሆንም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ይፈልጉ» አለች። «እስኪመጣ ግን ሰው አልጭንም። ካላመኑኝ በሰው ፈንታ አሸዋ እንጫን።»

አቶ ኤርጫፎ ትንሽ አሰቡና ተነሡ። «ጫኚ።»

ሕዝቅኤልና ዘበኞቹ ጆንያዎቹን በአሸዋ ሞልተው በየወንበሩ አሰሩ። የፊተኛው ባቡር ተለቀቀ፤ ኩርባውን አልፎ ወረደ፤ ጣቢያው አፍ ላይ ያለው የታችኛው ፍሬን ያዘው። ይህኔ የኋለኛው የካቴናውን ጫፍ አልፎ መንደርደር ጀምሮ ነበር። ኑሃሚን መብራቱን አጠፋች።

ሐዲዱ ብቻ ያጉረመርማል። ባቡሩ ኩርባው ላይ ደረሰ፤ በታሰሩት መንጋጋዎች መሃል ምንም እንዳልነበረ አለፈ፤ ቁልቁለቱን ተምዘግዝጎ የቆመውን ከኋላው ገጨው። ጆንያዎቹ ፈነዱ። የኋለኛው ባቡር የፊት ረድፍ ወንበር ወደ ውስጥ ታጠፈ።

አቧራው ሲበርድ አቶ ኤርጫፎ ቀርበው የታጠፈውን ወንበር ያዙ።

«ሻሺቱ ያን ቀን እዚህ ጋ ነበር የተቀመጠችው» አሉ ቀስ ብለው።

ወንበሩን ለቀው ወደ ኑሃሚን ዞሩ።

«እሺ፣ ታዲያ ሰው ተንጠልጥሎ ይቅር?»

«አይቅር። ከኩርባው እስከ መሬት መደገፊያ ያለው ደረጃ እንሥራ። ባቡሩ ይቁም፤ ሰዉ በእግሩ ይውረድ።»

ቅዳሜው ሳይከፈት አለፈ። ዝናቡም ገባ። ሕዝቅኤል ሽቦውን በገዛ እጁ ቆርጦ ጣለ፤ ከዚያ ብረቱን ወደ ላይ እያወጣ ደረጃውን በየደው። የታጠፈው ወንበር ተቀየረ፤ የተጋጩት ባቡሮች ዳግመኛ ተፈተሹ። ኑሃሚን ሠራተኞቹን ባቡሩ ላይ እያሳፈረች፣ መብራት እያጠፋች፣ የወንበሩን መቆለፊያ በእጅ መክፈትና ሰው ደግፎ ማውረድ አለማመደቻቸው። ሲሰለቻቸው «አንዴ ብቻ» ትላለች፤ አንዴ ብቻም አይሆንም።

በመክፈቻው ዕለት ሻሺቱ ማንም ሳይጠራት መጣች። «ባለፈው ፈርታ ቀረች እንዳልባል» ብላ የኋለኛው ባቡር ላይ ወጣች። ባቡሩ ኩርባው ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሞላው ነከሰ፤ ባቡሩ ሲጥ ብሎ ቆመ።

ኑሃሚን ደረጃውን ወጣች። ከፊተኛው ወንበር ጀምራ አንድ በአንድ ከፈተች፤ ሕዝቅኤል እየተቀበለ አወረደ። ሻሺቱ ግን ብረቱን ሙጭጭ አለች።

«እትዬ ሻሺቱ፣ ይነሡ።»

«ብነሣ ይንሸራተታል።»

«አይንሸራተትም። አሁን የያዘው መብራት አይደለም፣ ሞላ ነው። እኔም እዚሁ ቆሜያለሁ።»

«አንቺማ ልጅ ነሽ፤ አትፈሪም።»

«እፈራለሁ። ስለምፈራ ነው ጠዋት ጠዋት ሐዲዱ ላይ የምወጣው።»

ሻሺቱ አየት አደረገቻትና «ኢየሱስ» ብላ እጇን ሰጠቻት። ደረጃውን ወርዳ መሬት ስትረግጥ ቀና ብላ ተራ የሚጠብቀውን ሰው «በደኅና ያወርዳሉ» አለችው።

መብራት ሲመለስ ሰዉ ወደ በሩ ተጋፋ። ኑሃሚን በሩን ዘጋችው።

«መጀመሪያ ሁለቱንም ባቡሮች ባዷቸውን አዞራለሁ» አለች።

ከሰልፉ ማጉረምረም ተነሣ። አንዱማ ወደ አቶ ኤርጫፎ ዞሮ «ባለቤቱ እርስዎ አይደሉም እንዴ? እሷ ናት የምታዘው?» አላቸው።

«እሷ ናት» አሉ አቶ ኤርጫፎ፤ ሄደውም ከሰልፈኛው ጋር ቆመው መጠበቅ ጀመሩ።