ወንድም ተብሎ የተጻፈ

ኔሪሳ ቅጹ ላይ «ከአመልካቹ ጋር ያለዎት ዝምድና» በሚለው መስመር ፊት «ወንድሜ» ብላ ጻፈች። አሥራ ሰባት ዓመት ስትለው የኖረችው ቃል ነው። ጄሪክን የወለደችው ግን እሷ ነች። ይህን የሚያውቁት የቤቱ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱ አፈር ገብተዋል።

በአሥራ ስድስት ዓመቷ ስታረግዝ እናቷ ኢናይ ፓሲታ አልጮኹም፣ አልመቷትም። ልጅቱን ይዘው ባሕር ማዶ ያለች ደሴት ላይ ዘመድ ቤት ከረሙና ሕፃን ታቅፈው ወደሚኖሩበት የፊሊፒንስ ከተማ፣ ባታንጋስ ተመለሱ። የልደት ወረቀቱ ላይ እናት ተብሎ የሰፈረው የእሳቸው ስም ነበር፣ አባት ተብሎም የባላቸው። ጎረቤት በጣቱ ወራት ቆጠረ፣ ክርስትናው ላይ ፓንሲቱን፣ የግብዣ ኑድሉን፣ በላ፣ ከዚያ ዝም አለ። ስም ከቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ይከተላል። ኔሪሳ ጡቷን በጨርቅ ጠፍራ አስራ የሕፃኑን ጡጦ ለአያቱ አቀበለች። አፉን ሲፈታ «ኢናይ»፣ እናቴ፣ ብሎ የጠራው አያቱን ነው፤ እሷን «አቴ» አላት፤ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው።

ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው አሮጊቶች ልትጦር ካናዳ፣ ዊኒፔግ ገባች። የቋሚ ነዋሪነት ቅጽ ስትሞላ «አብረውዎት የማይመጡትን ጨምሮ፣ ልጆችዎን ይዘርዝሩ» የሚል ጥያቄ ነበረው። «የለኝም» አለች። ምን ትበል? ወረቀቱ የለሽም ይላታል።

ባለፈው ግንቦት ኢናይ ፓሲታ ሞቱ፤ ባላቸው ቀድመዋቸው ነበር። ኔሪሳ ሄዳ ቀበረቻቸውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጄሪክ ጎረቤት እየመገበው በኢናይ ቤት ብቻውን ቀረ። ሕጉ ደግሞ ነዋሪ የሆነ ሰው እናትና አባት የሞቱበትን፣ ዕድሜው ከአሥራ ስምንት በታች የሆነ ወንድሙን ማምጣት ይችላል ይላል። ያ ሁሉ ዓመት አንጀቷን ሲበላ የኖረው ውሸት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠቅማት መጣ። ከእሷ የሚጠበቀው እንደለመደችው እህት መሆን ብቻ ነበር።

ቅጹን ያስሞሏት ሰው ሁሉ «ቲታ»፣ አክስቴ፣ የሚላቸው ቤባንግ ናቸው። ጡረታ የወጡ የባንክ ጸሐፊ ሲሆኑ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተቀምጠው የአገራቸውን ሰው ሁሉ ወረቀት ይሞላሉ፤ ሲሞሉም ይሳደባሉ።

«ዕድሜው?»

«አሥራ ሰባት ከአራት ወር።»

«በይ ፍጠኚ! መንግሥት አሥራ ስምንት የሞላው የሙት ልጅ አያውቅም። በልደቱ ቀን ወላጆቹ ከመቃብር የሚነሡ ይመስለዋል።»

ኔሪሳ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያን ቀን ነበር።

የክረምት ጃኬት ገዝታ ላከችለት። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት በስካይፕ ስትደውል ጄሪክ በዚያ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ብቅ ይላል።

«አቴ፣ ልምምድ ላይ ነኝ!»

«አውልቀው አንተ፣ ትቀቀላለህ!»

«ብርዱ ይገድላል ያልሽው አንቺ ነሽ። ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጠሁ። ያቺን ነጯን ብቻ አስቀርቻለሁ፣ ቪዛው ሲመጣ አርደን እንሸኝባታለን።»

የመጣው ግን ሌላ ደብዳቤ ነው። እናትየው ልጁን በአርባ ሰባት ዓመታቸው ወለዱ መባሉ ጥርጣሬ ስላሳደረ፣ ሁለቱም የዲኤንኤ ምርመራ ያድርጉ ይላል። ኔሪሳ ደብዳቤውን ይዛ ምድር ቤት ወረደች።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስለቅሳል?» አሉ ቲታ ቤባንግ። «ደም ደም ነው። እናታችሁ አንድ፣ አባታችሁ አንድ...» ቀና ብለው አዩዋት። «አንድ አይደሉም እንዴ?»

«ቲታ፣ ልጄ ነው።»

ቃሉ ጮክ ብሎ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ቲታ ቤባንግ ስቴፕለሩን አስቀመጡ።

«እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ካልተመረመርሽ ፋይሉ ይዘጋል። ከተመረመርሽ ደግሞ ያኔ ልጅ የለኝም ማለትሽ ይወጣል፤ ያላስመዘገብሽውን ልጅ ደግሞ መቼም አታመጪውም። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል።»

«ምናልባት ምርመራው ዘመድ ናቸው ብሎ ብቻ ያልፈው ይሆናል።»

«ምናልባት! እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ዛሬውኑ ንገሪው። ከወረቀት ከሚሰማው ካንቺ አፍ ይስማው።»

እሁድ እነግረዋለሁ ብላ ምላ ወጣች። እሁድ ደወለች፤ እሷም ናሙናዋን ሰጥታ ነበር፣ ጄሪክም ማኒላ ተመርምሮ ተመልሶ ጃኬቱን ለብሶ ጠበቃት። «አቴ፣ አፌን በጥጥ ጠረጉት! ቁርሴን አዶቦ፣ ያን የአሳማ ወጥ፣ በልቼ ነበር፣ እንግዲህ የአሳማ እህት ነሽ እንዳይሉሽ!» እያለ ከት ብሎ ሲስቅ፣ ያን ሳቅ በእጇ መግደል አቃታት። ሆድ ይፍጀው አለች። የሚቀጥለው እሁድ የዶሮዋን ነገር አወሩ። ከዚያ የሚቀጥለው ስለ በረዶ ጫማ ነበር። እኔ ልፈርድባት አልችልም፤ እሁድ ደግሞ የሚያልቅ አይመስልም፣ ሁልጊዜ ሌላ አለ።

መልሱ የደረሳት በሥራ ላይ ሳለች ነው። አንዲት አሮጊት ሾርባ እያጎረሰች ስልኳ ሲንቀጠቀጥ ማንኪያውን አስቀምጣ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። «ምርመራው እናትና ልጅ መሆናችሁን አረጋግጧል» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። እግዜር ይቅር ይበላት፣ ደስ አላት። በዓለም ላይ የጄሪክ እናት ነሽ ያላት ወረቀት ይህ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወደ ታች ማንበቧን ቀጠለች። «ልጁ ነዋሪነት ሲጠይቁ ስላልተመዘገበ በቤተሰብነት ሊመጣ አይችልም። በተጨማሪም አመልካቹ፣ እናቱ በሕይወት ስላለች፣ የሙት ልጅ አይደለም።» ከሁሉ በታች በትንንሽ ፊደል «ግልባጭ፦ ለአመልካቹ» ይላል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በማን ላይ እንደሚነጋ ግን የሚናገር የለም። ወዲያው ደወለች፣ አላነሣም። ማታም ደወለች፣ በማግስቱም ደወለች። ያነሣው እሁድ ነው፣ በተለመደው ሰዓት። ጃኬት አልለበሰም፤ በካናቴራ ነበር።

«ደረሰህ?» አለችው።

«ደርሶኛል።»

ከኋላው የኢናይ ወንበር ይታያል።

«ኢናይ ታውቅ ነበር?»

«ለእኔ ብላ ነው ያደረገችው። ልጅ ነበርኩ ጄሪክ፣ አንተን አክል ነበር።»

«ቀብሯ ላይ አብረን ቆመን ነበር። እናታችን እያልሽ አለቀስሽ፣ እኔም እናቴ እያልኩ። ያን ጊዜ እንኳ አልነገርሽኝም። ጥጡን አፌ ውስጥ ሲከቱት አልነገርሽኝም። እንደ ጅል ጃኬት ለብሼ...» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «አሁን ምን ልበልሽ?»

ኔሪሳ ለዚህ ጥያቄ አሥራ ሰባት ዓመት ተዘጋጅታለች። አውቶብስ ውስጥ በከንፈሯ ብቻ ብላዋለች፣ አሮጊቶቹን ስታጥብ ለራሷ ሹክ ብላዋለች። አንድ ቃል ነው። ቃሉ ግን ከኋላው ባለው ወንበር ላይ የተቀመጠ መሰላት፣ የሟች ሆኖ። ልጇ ፊቱን አዙሮ አይሆንም ቢላት ምን ይውጣታል? ፈራች።

«እንደ ድሮው» አለችው። «እንደ ድሮው ጥራኝ።»

ጄሪክ ትንሽ ጠበቀ። የምትጨምረው ነገር ያለ መስሎት ነበር።

«እሺ» አለ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። ነጯ ዶሮ እስካሁን አልታረደችም፣ እንቁላል ትጥላለች። ኔሪሳ አሁንም እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ እሱም ሳያሳልፍ ያነሣል፣ ጨዋ ልጅ ነው። «ሄሎ» ይላል፣ «ደህና ነሽ?» ይላል፣ ብርዱ እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃታል። ኢናይ ብሏት አያውቅም። ከዚያን እሁድ ወዲህ ደግሞ አቴም ብሏት አያውቅም።