በኮረብታው ግርጌ ሁለት ጊዜ

የበረዶውን ጎተራ በእጁ የያዘ፣ የሰውንም እስትንፋስ በቀጠረለት ሰዓት የሚሰበስብ እግዚአብሔር፣ በዚያች ቤት ላይ ያንን ክረምት ስለ ምን እንዳሳለፈ እርሱ ያውቃል። እኛ የምናውቀው ይህን ያህል ነው፦ ኡርሆ ራውቲዮ በሞተ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሚስቱ ሌምፒ የባሏን ፒክአፕ ቁልፍ በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት መንገዱን ትፈልግ ነበር። መንገድ ግን አልነበረም። ከታላቁ ሐይቅ የተነሣው ደመና ሁለት ቀን ሙሉ ሳያባራ ያወረደው በረዶ አጥሩን ውጦታል፤ ከፖስታ ሳጥኑም የቀረው ክዳኑ ብቻ ነው።

ከኋላዋ ለቀስተኞቹ ጠረጴዛውን ከብበዋል። ሄል የገባበት፣ ኒሱ የሚሉት ጣፋጭ ዳቦ ተቆርሶ ቀርቧል፤ የቡናው ማሰሮ ከምድጃው አልወረደም። ጎረቤቷ ሳይሚ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የሟቹን ወንድም ቶይቮን ታዋየዋለች።

«ሬሳ አስከባሪው ደውሎ ነበር። የኡርሆን ሬሳ በሳጥኑ ይዞ ከከተማ እስከ ኮረብታው ሥር ደርሷል፤ ከዚያ በላይ ግን አልወጣም ብሏል።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ነው?»

«ወደ ከተማ ልመልሰውና እስከ ግንቦት እኛ ጋ ይቆይ ነው የሚለው።»

«ኡርሆ ከተማ?» አለ ቶይቮ፤ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲጠርግ ወድቆ በጀሶ የታሰረ እግሩን ወንበር ላይ እንደ ዘረጋ። «በሕይወት እያለ አንድ ሌሊት አላደረባትም።»

በዚያ አገር ምድሪቱ በክረምት እንደ ብረት ስለምትጠነክር መቃብር አይቆፈርም። ክረምት የወሰዳቸው ሁሉ፣ ከኮረብታው ጫፍ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው የድንጋይ ቤት ውስጥ፣ አፈሩ እስኪለሰልስ በሳጥናቸው ሆነው ይጠብቃሉ። የኡርሆ አባት በዚያ ጠብቋል፤ እናቱም ጠብቃለች። እነርሱንና የመንደሩን ሙታን ሁሉ ሠላሳ አንድ ክረምት ሙሉ በፒክአፑ ጭኖ ወደ ኮረብታው ያወጣ ኡርሆ ነበር፤ በመንደሩ አራቱም ጎማ የሚጎትት ሌላ መኪና አልነበረምና። ዛሬ እርሱን የሚያወጣው ጠፋ።

ሌምፒ ከመስኮቱ ዘወር አለች። «እኔ አወጣዋለሁ» አለች።



«አንቺ በዚህ በረዶ መቼ ነድተሽ ታውቂያለሽ?» አለ ቶይቮ።

«ከጎኑ ተቀምጬ አውቃለሁ።»

«መቀመጥ መንዳት ነው እንዴ?»

«ያንን መኪና የሚያውቅ ሌላ ነጂ ካለህ አምጣው፤ ከሌለህ ኮትህን ልበስ።»

እውነትም ተቀምጣ ታውቅ ነበር። ኡርሆ ሬሳ በሚያወጣበት ቀን ሁሉ የመዝሙር መጽሐፏን ይዛ ከጎኑ ትቀመጥ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ከኋላ ስድስት ከረጢት አሸዋ ይጭናል፤ ኋላው የቀለለ መኪና በበረዶ ላይ ጅራቱን ይጥላልና። ከዚያ ወደ እርሷ እያየ፣ «ከኋላ አሸዋ፣ ከፊት ሌምፒ፤ ሚዛኔ ሞላ» ይላታል። «አሸዋው ምግብ አያበስልልህም» ትለዋለች። ይህን ሠላሳ አንድ ክረምት ተባባሉ፤ አንዳቸውንም ሰልችቷቸው አያውቅም።

ለቀስተኞቹ በአካፋ በከፈቱት መንገድ ከኮረብታው ሥር ሲደርሱ የሬሳ አስከባሪው ጥቁር መኪና ጎማው እስከ ግማሽ በረዶ ውስጥ ገብቶ ቆሞ ነበር። ከለቀስተኞቹ ስድስት ሰዎች ሳጥኑን አውርደው ወደ ፒክአፑ ተሸከሙት። ከረጢቶቹ ቦታውን ይዘውታል።

«አሸዋውን አውርዱት» አለች ሌምፒ።

«እትዬ ሌምፒ፣ ኋላው ከቀለለ እኮ ይንሸራተታል» አላት ከተሸካሚዎቹ አንዱ።

«አውርዱት። ዛሬ ክብደቱ እርሱ ነው።»

ሳጥኑን በገመድ አሰሩት። ሌምፒ በኡርሆ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩ በእርሱ ቁመት ልክ ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለ ነበር ትራስ ከጀርባዋ አደረገች። ፍሪሲዮኑን ረግጣ፣ አራቱንም ጎማ የሚያስገባውን አጭሩን ካምቢዮ ኡርሆ እንደሚያደርገው አድርጋ ሳበችና ተነሣች።

መኪናው የሦስት ሰው ቁመት ያህል ወጣ። ከዚያ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት እየተሽከረከሩ በረዶውን ይቆፍሩ ጀመር፤ ጅራቱም ቀስ እያለ በመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ዞረ። ነዳጅ ጨመረች፤ ይበልጥ ሰመጠ። ሳጥኑ በገመዱ ውስጥ ሲንቋቋ ሰማችና እግሯን አነሣች።

ሬሳ አስከባሪው እስከ ጉልበቱ እየሰመጠ ወደ መስኮቷ መጣ። «ወይዘሮ ራውቲዮ፣ የሚቻልዎትን አድርገዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ከሞከሩ ገደል ነው። እኔ ጋ በክብር ይቀመጣል፤ አደራውን ለእኔ ይስጡኝ።»

«ትንሽ ይታገሡኝ።»

መሪውን አጥብቃ ያዘች። የረሳችው ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ምን እንደ ሆነ ግን አታውቅም። ከዚህ ወንበር ሆና ፈለገችው፤ አልመጣላትም። ያን ጊዜ ከመሪው ተነሥታ በጋቢናው ውስጥ ተንሸራትታ ወደ ራሷ ቦታ፣ ወደ ቀኝ ሄደች። ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች።

እንደ ድሮው በሩ ይከፈታል፤ ብርድ ይገባል። የኡርሆ ቆብ በኮፈኑ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ይሰወራል። ይነሣል፤ በመብራቱ ፊት ያልፋል። በቀኝ በኩል፣ ከእርሷ እግር ሥር፣ እንደገና ይሰወራል። ከዚያ በመስኮቷ በኩል ሲያልፍ መስታወቱን በጣቱ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፤ «ተቆልፏል፤ እንሂድ» ማለቱ ነው።

በተጋቡ በመጀመሪያው ክረምት እርሷን «ውረጂና ቆልፊ» ብሏት ነበር። በፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ያለችውን ክብ መቆለፊያ በእጅ ካላዞሯት፣ ካምቢዮው ቢገባም የፊት ጎማ አይጎትትም። እርሷ የግራውን አዙራ የቀኙን ረሳች። «አንዱን እግሬን አጫምተሽ አንዱን በባዶ ተውሽው» ብሎ ሳቀባት። አኩርፋ ሁለተኛ አልወረደችም። እርሱም ሁለተኛ ውረጂ አላላትም።

ሌምፒ በሩን ከፍታ ወረደች። በግራው ጎማ ፊት ተንበረከከች። መቆለፊያዋ በውርጭ ተጣብቃለች፤ ጓንቷን አውልቃ በመዳፏ ሸፈነቻት፤ ትንፋሿን ሰጠቻት፤ አዞረቻት። ወደ ቀኙ ዞረች።

ቶይቮ በምርኩዙ ተደግፎ ያያታል። «መቆለፊያውን ነው የረሳሽው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያየሽ?»

«አየሁ እንጂ መቼ ሠራሁ። እርሱ ነበር የሚወርደው።»

ቶይቮ ቆቡን አወለቀ።

ተሸካሚዎቹ ከጎማዎቹ ሥር በረዶውን በአካፋ ዛቁላት፤ ጥቂት ወደ ኋላ ለቀቀችና እንደገና ተነሣች። በዚህ ጊዜ የፊት ጎማዎቹ በረዶውን ያዙ። መኪናው አንድ ጊዜ ነቀነቃት፤ ከዚያ ሳይቸኩል እያቃሰተ መውጣት ጀመረ። ጅራቱ አልተነቃነቀም። በየመታጠፊያው ኋላውን ወደ ምድር አጥብቆ የያዘላት፣ ከጀርባዋ በሳጥኑ የተኛው ሰው ነበር። ሌምፒ ወደ ኋላ አላየችም፤ ክብደቱን ግን በወገቧ ታውቀው ነበር፤ ሌሊት አልጋው በእርሱ በኩል ሲዘነብል ታውቀው እንደ ነበረው።

በኮረብታው ጫፍ፣ በጎማዋ ዱካ በእግር የተከተሏት ተሸካሚዎች ሳጥኑን አወረዱ፤ በዚያ የሚኖሩት ቄስም ጸለዩ። የድንጋዩ ቤት በር ተከፈተ፤ ኡርሆ አባቱና እናቱ ግንቦትን በጠበቁበት ስፍራ ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

ስትመለስ ኋላው ባዶ ነበር። መኪናው በየመታጠፊያው ጅራቱን ይጥል፣ እርሷም በመሪው ትመልሰው ነበር። ከግርጌው ደልዳላ መሬት ስትደርስ አቆመች፤ በደልዳላው መቆለፊያው ይፈታልና። ወርዳ የግራውን ፈታች። በመብራቱ ፊት አልፋ የቀኙን ፈታች። ቀና ስትል በራሷ መስኮት ፊት ቆማ ነበር። መስታወቱ በውርጭ ተሸፍኗል፤ ቅድም ትንፋሿ ያቀለጠው ያህል ብቻ ጠርቶ፣ ውስጡ ባዶው ወንበርና የመዝሙር መጽሐፏ ይታያሉ።

ጣቷን አጠፈች። መስታወቱን ሁለት ጊዜ አንኳኳች፤ ጥቂትም ቆመች።

ይህን ላነበባችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ከውርጭ ይሰውር፤ ከጎናችሁ የሚቀመጠውንም ዕድሜ ያርዝምላችሁ። አሜን።