ድፍኑ ቱቦ

የመመረቂያ ጽሑፌን አማካሪዬ ሰረቀኝ። ሰረቀኝ ስል ሐሳቤን ተዋሰ ማለቴ አይደለም። አርባ አንዱን ገጽ ከነግራፉ አንስቶ፣ የራሱን ስም ከላይ ጽፎ አሳተመው። የእኔ ስም ምስጋናው ላይ እንኳ የለም። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቤት ስል፣ "አማካሪሽ እኮ አባትሽ ማለት ነው" አለኝ። አባቴ ቢያደርገው ፖሊስ ጣቢያ አቆመው ነበር።

ጽሑፉ ስለ መኪና ጭስ ማውጫ ነበር። ድምፁ እንዲያምር ተብሎ ጭስ ማውጫው የተቀየረለት መኪና፣ ቆሞ ቤንዚን ሲሰጡት ደስ ይላል። መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት ሲጓዝ ግን እምምም የሚል ድምፅ ያመጣል። ከጆሮ ይልቅ መንጋጋና ደረት ነው የሚይዘው፤ ሩብ ሰዓት ከሄዱበት ራስ ያዞራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከዋናው ቱቦ ጎን፣ ጫፉ የተደፈነ ሌላ ቱቦ ይበየዳል። ድምፁ እዚያ ገብቶ፣ ከድፍኑ ጫፍ ተላትሞ ሲመለስ ከኋላው ከሚመጣው ጋር ይጠፋፋል። ርዝመቱ ግን ልክ መሆን አለበት። አራት ጣት ቢያጥር ሌላ ድምፅ ያጠፋና ያንን የሚያሳብደውን ይተወዋል። ልኩን ከሞተሩ፣ ከጭሱ ሙቀትና ሰውየው ከሚነዳበት ፍጥነት ተነስቶ ማስላት ይቻላል። ያንን ስሌት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

ከተመረቅኩ በኋላ የእናቴ ወንድም ጋራዥ ገባሁ። ጋሼ ጥሩ በያጅ ነው፤ ሒሳብ ግን አይወድም። እኔ እለካለሁ፣ አሰላለሁ፣ ቱቦ እቆርጣለሁ፣ እበይዳለሁ፤ እሱ ደንበኛ ያስቃል። እኔ ከገባሁ ወዲህ ጭስ ማውጫ ሠርተንለት ተመልሶ የመጣ መኪና አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ያ አማካሪዬ፣ ዶክተሩ፣ መጣ።

መኪናው ጥቁር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ሞላው ተቀይሮ መሬት ሊልስ ምንም ያልቀረው ነው። የጋራዡን ደፍ ለማለፍ በሰያፍ ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሲወርድ በሩን ይዞ፣ ወገቡን ይዞ፣ በመጨረሻ የጋሼን እጅ ይዞ ነው የተነሳው።

"ሁለት መውጫ እፈልጋለሁ" አለ። "ግራና ቀኝ። እንደ አንበሳ እንዲያገሳ።"

"ያገሳል ዶክተር!" አለ ጋሼ። "ጎረቤትዎ ቤት ይቀይራል። የእህቴ ልጅ ትለካልዎታለች።"

ዶክተሩ ዞሮ አየኝ። አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ፊት ለፊቱ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። "እህቴ፣ ቀለሙን እንዳትጭሪብኝ" አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ቢያውቀኝ ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር አደርግ ነበር። ምናልባት።

ዝቅ ያለ መኪና ተሰቅሎ አይለካም፤ ጎማው ሲንጠለጠል ሥሩ ሰፊ ይመስላል። ስለዚህ ከመፈተሻው ጉድጓድ በላይ በአራት ጎማው አቆምኩት፤ ዶክተሩን መሪው ላይ፣ ጋሼን አጠገቡ አስቀምጬ ከሥር ገባሁ። መኪናው ሁለቱን ተሸክሞ ቁጭ አለ። ድምፅ የሚያፍነው ክብ ማርሚታ የማይታሰብ ነው፤ ጠፍጣፋው ብቻ ነው የሚገባው። ከላይ ሁለቱ ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

ከዚያ ምርጫው መጣ። ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩለት። ከቱቦዎቹ በጣም ሰፊውን መረጠ፤ ስፋቱ ምን እንደሚያመጣ አልጠየቀም። ግራና ቀኙን መስመር የሚያገናኘውን ቁራጭ ጓደኛው በነገረው መሠረት መረጠ። የጫፎቹ ቀለም ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ቆመ። ጥቁሩን ከኋላ መብራቱ ጋር አስተያየ፣ የሚያብረቀርቀውን አስተያየ፣ ፎቶ አንስቶ ለሚስቱ ላከ።

"አብዛኛውን ጊዜ በስንት ነው የሚነዱት?" አልኩት።

"ከቤት እስከ ዩኒቨርሲቲው ሃምሳ ደቂቃ ነው። መንገዱ ክፍት ነው፤ መቶ ላይ አድርጌ እለቀዋለሁ።"

መቶ። በመጨረሻው ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ ሁለት ሺህ ጊዜ ይዞራል። እዚያው በጭንቅላቴ አሰላሁት። ድፍኑን ቱቦ ከመደርደሪያው አውርጄ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ይሄንንስ ይፈልጋሉ?"

አገላበጠው። በአንደኛው ጫፍ አሾልኮ አየ። "ይሄኛው በኩል ተደፍኗል እኮ።"

"አዎ።"

"ጭስ የማይወጣበት ቱቦ ምን ይሠራልኛል? ትርፍ ክብደት ነው። ተይው።"

በስሙ ከታተመው ጽሑፍ ከገጽ ሃያ ሰባት እስከ ሠላሳ አራት ያለው በሙሉ ስለዚያ ቱቦ ነው።

ጋሼ ሊናገር አፉን ከፈተ። "ተይው ብለዋል፤ ሰምተሃል" አልኩና ቱቦውን ወደ መደርደሪያው መለስኩ።

ሁለት ቀን ሠራሁበት። እንደዚያ ያማረ ብየዳ ሠርቼ አላውቅም፤ በጥፍር ብትሄድበት አይይዝህም። ዶክተሩ መጥቶ ሞተሩን ሲያስነሳ የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። እንደ ልጅ ሳቀ። በስልኩ ቀርጾ፣ ጋሼን አቅፎ፣ እኔን "ጎበዝ" ብሎ ሄደ።

"ድፍኑን ለምን ተውሽው?" አለ ጋሼ፣ አቧራው ሳይረግፍ።

"አልፈልግም አለ።"

"ስንቱ አልፈልግም ሲል አስረድተሽ ታሳምኚ የለም እንዴ?"

"ለዚህኛውማ ማስረዳት ነውር ነው። እሱ ነው የጻፈው።" ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ጭንቅላቱን ይዞ አዳመጠኝ። አዘነልኝ ብዬ ነበር።

"እሺ፣ እሱ ሌባ ነው" አለ። "የእኔ ጋራዥ ምን አጠፋ?"

ጋራዡስ ምንም አላጠፋም። ግን አልተጸጸትኩም። ጠዋት ጠዋት ሰዓቴን አይቼ፣ 'አሁን መቶ ላይ ደረሰ' እላለሁ። ሃምሳ ደቂቃ መሄጃ፣ ሃምሳ ደቂቃ መመለሻ። ሻዬ ጣፈጠኝ።

በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። ጋሼ ወደ ቢሮ አስገባው፤ ቢሮ ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የቱቦ ክምር ያለበት ክፍል ነው። ዓይኑ ደም ለብሷል።

"ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው! ክፍል ገብቼ ማስተማር አልቻልኩም። ሚስቴ ሁለተኛ አልሳፈርም ብላለች። ሁለት ጋራዥ አሳየሁት፤ ምኑም አልገባቸው።"

"ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል" አልኩት።

"ባውቅማ እዚህ ምን አመጣኝ?"

"ገጽ ሃያ ሰባትን ያንብቡት።"

"የምኑን ገጽ?"

"የጽሑፍዎን።"

ያኔ ነው ያየኝ። "አንቺ... የዚያን ዓመት ተመራቂ..." ስሜን ፈለገ። ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ምንም አልወጣም። ስሜን አላቀበልኩትም።

"ሆን ብለሽ ነው!" አለ።

"እጅዎ ላይ አስቀምጬ ጠይቄዎታለሁ። ተይው አሉ።"

ጋሼ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ድምፁን አለሰለሰ። "ስሚኝ ልጄ። አንድ አዲስ ጥናት አለኝ፤ እሱ ላይ ሁለተኛ ጸሐፊ አደርግሻለሁ።"

"እኔ የፊተኛው ብቸኛ ጸሐፊ ነኝ። ለመጽሔቱ አዘጋጅ አሁኑኑ ይጻፉ። ሲላክ ካየሁ፣ ድፍኑን ቱቦ ለመበየድ ሃያ ደቂቃ አይፈጅብኝም።"

ስልኩን አወጣ። ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ። ግንባሩን ጠርጎ አቀበለኝ። 'ጽሑፉ በአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ እገዛ የተዘጋጀ መሆኑን አሳውቃለሁ' ይላል።

"እገዛ?" አልኩ። "እገዛ በር መያዝ ነው። እገዛ ቦርሳ ማቀበል ነው። አንተ እኮ ጽሑፉን አላነበብከውም!"

"አንተ?" ጋሼ ከጣሪያው ወረደ። "አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ነው! ዶክተር ነው!"

"በማን ሥራ?"

አረፍተ ነገሩን አጠፋሁት። በሁለት መስመር እውነቱን ጻፍኩ፤ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ አስገባሁና መለስኩለት። "ላከው።"

አውራ ጣቱ 'ላክ' ከሚለው በላይ አንዣበበ። ትንፋሹ ይሰማኛል። እውነቴን ነው፣ ለዚያች ሰከንድ የስምንት ወር ድካሜን በሙሉ እሰጥ ነበር። ከዚያ ጽሑፉን አጠፋውና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ራስ ምታቱን መረጠ።

"የጋራዥ ሠራተኛ አያዘኝም" አለ።

"በቃ!" አለ ጋሼ። "አልልክም ካለ አይልክም። የሰው መኪና መያዣ አይደለም። ከዚህ ግቢ የታመመ መኪና አይወጣም፤ ወይ ትበይጃለሽ፣ ወይ ቱታውን ታወልቂያለሽ።"

ማሰብ አላስፈለገኝም። ዚፑን እስከ ታች አወረድኩ፣ ቱታውን ረግጬ ወጣሁበትና ወንበሩ ላይ ጣልኩት። ጋሼ አላመነም ነበር። ፊቱ ቀላ፤ ከክምሩ ውስጥ አንድ ድፍን ቱቦ መዘዘ።

"ተይው፣ እኔው ራሴ እበይደዋለሁ! አንቺ ሳትወለጂ በያጅ ነበርኩ።" ሜትሩን ዘረጋ። ቱቦው ላይ አሳረፈው። እጁ ቆመ። "ስንት ላይ ነው የሚቆረጠው?"

"ዶክተሩ ያስላልህ። ስሌቱ በስሙ ነው ያለው።"

ጋሼ ወደ ዶክተሩ ዞረ። ዶክተሩ ሜትሩን በሌላው ጫፍ ይዞ ቁጥሮቹን አየ፤ መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። በሩንም ከኋላዬ ዘጋሁት።