ዶርቃ ቤት የለወጠች ዕለት

ዶርቃ ልብስ ሰፊ ናት። ገበያው አጠገብ ባለ በረንዳ ላይ ትሠራለች፤ የስፌት መኪናዋን እዚያ ማሳደር ስለማትደፍር ግን ጠዋት ማታ ከኒውላንድ ሰፈር እስከ ጋምቤላ ከተማ መሃል በጭንቅላቷ ተሸክማው ትመላለሳለች። ኒውላንድ ያለችው ቤቷ የመንግሥት ኪራይ ቤት ናት፤ ልልቀቅ ብትል ሌላ ከየት ታገኛለች?

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን አንድ ቀን ማለዳ፣ ከደጋ የመጣው መምህር ወንዳፈረው ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። እሱም የመንግሥት ቤት ተከራይ ነው፤ የሱ ግን ገበያው ፊት ለፊት ነው።

«እንቅልፍ የሚባል ነገር ረሳሁ» አላት። «ማታ የመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ፣ ሲነጋ የነጋዴው ጩኸት። ትምህርት ቤቴ ደግሞ ኒውላንድ!»

ዶርቃ የመኪናዋን እጀታ ማዞር አቆመች።

«መምህር፣ የኔ ቤት እኮ ከትምህርት ቤትዎ ጀርባ ነው!»

ተያዩ። ሱሪው እዚያው ቀረ። መኪናዋን ለጎረቤቷ ለሽንኩርት ሻጯ አደራ ብላ፣ ሁለቱም እየተጣደፉ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ገቡ።

ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ። «ተከራይ ከተከራይ ቤት ተለዋውጦ አያውቅም። አሠራር የለውም።»

«ከሌለው እናወጣለታለና!» የሚል ድምፅ ከውስጠኛው ክፍል መጣ። አዲሱ ኃላፊ ኦጆት ነበር፤ የከተማው ልጅ ነው። «ድሮ እንዲህ ያለ ጉዳይ ለውሳኔ ወደ ክፍለ ሀገሩ ከተማ፣ መቱ ድረስ ነበር የሚላከው። አሁን የምንወስነው እኛው ነን። ግን ስሙኝ፣ ባዶ ቤት ካደረ ሌላ ሰው ይገባበታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለታችሁም ገብታችሁ እንዳያችሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኒውላንድ ዛሬም ያወራዋል። የዶርቃ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ከበሯቸውን ይዘው ደረሱ፤ ሴቶቹ ድስቱን፣ እንስራውን፣ ፍራሹን በየጭንቅላታቸው አደረጉት። ከወዲያ መምህራኑ የወንዳፈረውን አልጋ ለአራት ይዘው፣ መጻሕፍቱን በእጅ ጋሪ እየገፉ መጡ። ሁለቱ ጓዞች መንገድ መሃል ሲገናኙ እልልታው ቀለጠ። ወንዳፈረው ከነላቡ ባርኔጣውን አውልቆ ለዶርቃ እጅ ነሣ፤ እሷ ሳቋ አላራምድ አላት።

መኪናዋንና ሱሪውን ከበረንዳው አንስታ አዲሱ ደጇ ስትደርስ ግን ሳቋ ቆመ። አንድ ረጅም ጎልማሳ ፍራሹን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ባዶ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለ። ያክ ይባላል፤ ወደ ከተማው ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው።

ዶርቃ ክርክር አላማራትም። በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች፤ መኪናዋን ደፉ ላይ አስቀምጣ፣ መሬት ተቀምጣ የመምህሩን ሱሪ መስፋት ጀመረች።

ያክ ትንሽ አያት። ከዚያ ሳቀ። «እህቴ፣ ባዶ አይደለም ለካ!» ፍራሹን ጥግ አስቀመጠና ከመዘምራኑ ጋር ቁም ሳጥኗን ተሸክሞ አስገባላት። ኦጆት ቁልፉን ሊያስረክብ ሲደርስም ያክን አነጋገረው። «ለሥራ ከምሄድበት ከኢታንግ ወረዳ ስመለስ ቢሮ ና» አለው፤ «አንድ የሚታደስ ክፍል አለን፤ ካደስከው ትገባበታለህ።»

ዶርቃ ቁልፉን በሁለት እጇ ተቀበለች። መስኮቱን ወደ ገበያው ወለል አድርጋ ስትከፍተው፣ አንዲት ሴት ከውጭ ቀሚስ አቀበለቻት።

«ለእሑድ ይደርሳል?»

«ይደርሳል!» አለች ዶርቃ፣ ገበያው ሁሉ እስኪሰማት ድረስ።