ድንቄም የቤት ዋስትና

ሎሬታ ፕሩይት ቤቷን ልትሸጥ ስትነሳ ኤሲው ማጓራት ከጀመረ ዓመታት አልፈውት ነበር። ሜሳ፣ አሪዞና ውስጥ፣ ያውም በሐምሌ፣ ኤሲ የሌለው ቤት ምድጃ ነው። ይህን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዕድሜዋን እዚያው ነው የጨረሰችው። ታዲያ አስቀይራው ብትሸጥ ምን ነበረበት? ምን ቆርጧት!

“ለማላውቀው ሰው አዲስ ኤሲ ልግዛለት? ሆሆ! እኔ ወጪ ነኝ፤ ገቢዎቹ እንደፍጥርጥራቸው!” አለች።

ደላላዋ ሼሪል እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ ደስ ይላታል።

“የኔ እመቤት፣ ምን አደከመሽ? ለገዢዎቹ የአንድ ዓመት የቤት ዋስትና ትገዢላቸዋለሽ። ዕቃ ሲበላሽባቸው ለዋስትናው ኩባንያ ይደውላሉ። አንቺን ማን ይጠይቅሻል?”

“ኩባንያው ግን መጥቶ ይጠግናል?”

“ኤዲያ! እሱ አንቺን ምን አገባሽ? ያን ጊዜ እዚህ የለሽ!”

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ሎሬታ ካለው ዋስትና ሁሉ ርካሹን መረጠች። ከዚያ የኤሲው ማሽን ወዳለበት ጠባብ ክፍል ገባችና፣ ከሰርጓ ስጦታ የተረፈውን፣ ጠርዙ ላይ ስሟ የተጠለፈበትን ወፍራም ፎጣ ጠቅልላ በማሽኑና በግድግዳው መሀል ወተፈችው። ማጓራቱ ጸጥ አለ። አይ ብልሃት! ኤሲ በፎጣ ስትጠግን እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

ቤቱን ሊያዩ የመጡት ኤስቴባን ኡርቢና የሚባል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርና ነፍሰ ጡር ሚስቱ ኖኤሚ ነበሩ። ኤስቴባን ከመፈረሙ በፊት ቤቱን በባለሙያ ማስመርመር ፈለገ። ሎሬታ በረዶ የገባበት ሻይ እየቀዳች ከት ብላ ሳቀችበት።

“ምን ያስመረምርሃል፣ ልጄ? ዋስትና እኮ አለው! ደግሞ እወቅ፣ ሌሎች ገዢዎች ደጅ ቆመዋል።”

ደጅ የቆመው የጎረቤት መኪና ነበር። ኤስቴባን ግን ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ለሚወለደው ልጅ ያሰበችውን ክፍል አየች፤ ምርመራው ቀረ። ሎሬታም “ኤሲው እንከን የለበትም” በሚለው ወረቀት ላይ ፈረመች።

ሁሉም ያማረ ነበር፣ ልትገባበት ያሰበችው የጡረተኞች አፓርታማ ባይዘገይባት ኖሮ። በአገሩ ልማድ ሻጭ ቤቱን ከሸጠ በኋላ ተከራይ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ መቆየት ይችላል። ሎሬታ ጠየቀች፤ የዋሆቹ ኡርቢናዎች “ችግር የለም፣ ተረጋግተው ይውጡ” አሏት። ቀረች።

ኤሲው የሞተው ያን ጊዜ ነው፤ እሷው ተጎልታበት።

ዋስትናው የገዢዎቹ ስለሆነ ለኤስቴባን ደወለች፤ ኤስቴባን ለኩባንያው ደወለ፤ ኩባንያው ሙዚቃ ሲያሰማው ቆይቶ ባለሙያ በሳምንቱ መጨረሻ እንደሚልክ ነገረው። ሎሬታ እግሯን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራ “ይሄ ሌባ ኩባንያ!” እያለች ትራገማለች። ማን እንደመረጠው ረስታዋለች መሰለኝ! ሼሪል ጋ ስትደውልም፦

“ውይ፣ የኔ እመቤት! እስካሁን እዚያው ነሽ እንዴ?” አለቻትና ሥራ አለብኝ ብላ ዘጋችው።

ባለሙያው ሲመጣ ኤስቴባንና ኖኤሚም አብረው መጡ። ኖኤሚ ሆዷ ገፍቷል፤ በሙቀቱ ትንፋሽ አጥሯታል።

“ማሽኑ መቼ ነው መታመም የጀመረው?” አለ ባለሙያው። “የቆየ ብልሽት ከሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም።”

“ምን የቆየ አለው!” አለች ሎሬታ። “ድንገት ነው ያቆመው። ያን ቀን ጠዋት እንኳ ድምፁ አይሰማም ነበር።”

ባለሙያው እጁን ከማሽኑ ጀርባ ሰደደ። ትንሽ ታገለና በአቧራ የጠቆረ ጥቅል መዝዞ አወጣ። ዘረጋው። ኖኤሚ ጠርዙን ጠጋ ብላ አየችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ “ሎሬታ” ብላ አነበበች።

“እሱማ... እሱ ለ... ለእርጥበት ነው...” አለች ሎሬታ። በአሪዞና ሐምሌ፣ እርጥበት!

ባለሙያው “የቆየ ነው” ብሎ ፎጣውን ወለሉ ላይ ጣለና ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ኤስቴባን ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

“እንከን የለበትም ብለው የፈረሙበት ወረቀት ቤት አለኝ” አለ በቀስታ። “ራስዎ ያስቀይሩታል ወይስ ለዳኛ ላሳየው?”

ሎሬታ ከሷ ጋር ሲስቅ የነበረ ሰው የምትፈልግ ይመስል ዞር ዞር አለች። ማንም የለም።

“አስቀይረዋለሁ” አለች፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

ኖኤሚ ፎጣውን ከወለሉ አነሳችና አቀበለቻት።

“እንኩ፣ ሚስስ ፕሩይት። አዲሱ እስኪገጠም ድረስ ላብዎን ይጥረጉበት።”

ሎሬታ ግራ ገብቷት ተቀበለች፤ ፊቷንም ጠረገችበት፤ ጥቁሩ አቧራ ከግንባሯ እስከ አገጯ ተለቀለቀ።