የአንዲት ሶኬት ክርክር

ሁለት እህትማማቾች አንድ ክፍል ተከራይተው መሃሉን በመጋረጃ ከፈሉት። ታላቂቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ታናሺቱ ፀጉር ሠሪ። መስኮቱ ለታላቂቱ ደረሰ፣ መስታወቱ ለታናሺቱ። ሶኬት ግን በቤቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በታናሺቱ በኩል።

መጀመሪያ አንድ ማከፋፈያ ሰኩና በሰላም ኖሩ። ኋላ ታላቂቱ ገመዱ ካውያዋ ጋ አልደርስ ሲላት ሌላ ማከፋፈያ ቀጠለችበት። ታናሺቱም ለደንበኞቿ የሻይ ውሃ ማፍያ አመጣችና ሦስተኛ ጨመረች። ማከፋፈያው ወልዶ ከብዶ የልጅ ልጅ አየ። ካውያውና የፀጉር ማድረቂያው ካስክ አብረው ሲበሩ አምፖሉ እንደ በሽተኛ ዓይን ፍዝዝ ይላል፤ ካስኩም ሞቅ ማለት ትቶ ያንቀላፋል።

ታናሺቱ መላ አላጣችም። የሚቸኩል ደንበኛ ሲመጣ በጫማዋ ጫፍ የእህቷን ገመድ ከመጀመሪያው ማከፋፈያ ሳብ ታደርግና፣ «እትዬ፣ በአንቺ በኩል መብራት ሄደ እንዴ?» ትላለች፣ ድምጿን አለስልሳ።

ታላቂቱ የቀዘቀዘ ካውያ ይዛ መብራት ኃይልን ስትረግም ሰነበተች። አንድ ቀን ግን መጋረጃውን ገለጥ ስታደርግ የእህቷን ጫማ እጅ ከፍንጅ ያዘችው። እህቷ ለምሳ ስትወጣ የገመዷን ራስ መጀመሪያው ማከፋፈያ ላይ በፕላስተር ጥርቅም አድርጋ ለጠፈችው፤ የተረፈውን ገመድ ደግሞ እግር እንዳያገኘው ጠቅልላ ከጨርቅ ክምር ሥር ቀበረችው።

ያን ዕለት ከሰዓት አንዲት ዳኛ ፀጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስኩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ማፍያው ይንጫጫል፤ ካውያው ይተኩሳል። ታናሺቱ እግሯን ሰደደች፤ ገመዱ ንቅንቅ አልል አላት።

«ልጄ፣ የሆነ ነገር ይሸተኛል። ፀጉሬ ነው እንዴ?» አሉ ዳኛዋ።

«ኧረ የእርስዎ አይደለም!» ብላ መጋረጃውን ብትገልጥ፣ ከጨርቁ ክምር ጭስ እየተግተለተለ ነው። ታላቂቱ ደንግጣ የውሃ ባልዲ አንሥታለች።

«ውሃ እንዳታስነኪው!» ዳኛዋ ከነቢጎዲናቸው ዘለው በሩ አጠገብ ያለውን ዋና ማጥፊያ ወደ ታች መለሱት። ከዚያ በኋላ ነው እህትማማቾቹ ጨርቁን በመጥረጊያ እየገፉ ወደ ግቢው ያወጡት። ገመዱ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተጣብቋል። የአንድ ደንበኛ ሱሪም ጭኑ ላይ ተበስቷል።

«እሷ ናት!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ዳኛዋ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ክርክሩን እስከ ጫማው ድረስ ሰሙ። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ሁለታችሁም ጥፋተኞች ናችሁ» አሉ። «ካውያ፣ ካስክና ማፍያ ሦስቱም ኃይል የሚበሉ ናቸው፤ ባንድ ሶኬት አብረው አይበሩም። ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ አይቀጠልም። ገመድም ተጠቅልሎ ጨርቅ ሥር አይቀበርም፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣና የምታዩትን ያደርጋል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ለእያንዳንዳችሁ የራሳችሁን መስመር እስኪዘረጋ፣ አንዷ ስታበራ ሌላዋ ታጠፋለች።»

«ይግባኝ ይፈቀዳል?» አለች ታናሺቱ።

«ፀጉሬ ሳይደርቅ? አይፈቀድም።»

ዳኛዋ ቢጎዲናቸው ላይ ሻሽ ጠምጥመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እህትማማቾቹም እንደተፈረደባቸው ተራ ገቡ፤ ታላቂቱ በተራዋ የሱሪው ቀዳዳ ላይ ቁራጭ ጨርቅ አድርጋ ሦስት ጎኑን ሰፋችው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም በማግስቱ መጥቶ ግድግዳውን ይበሳ ጀመር።

የሱሪው ባለቤት የመጣው ሠራተኛው ገና መሰላል ላይ ሳለ ነው። ሱሪውን ለብሶ ለካና ጭኑ ላይ እጁን አሳረፈ።

«እኔ እዚህ ጋ ኪስ አላዘዝኩም።»

የታላቂቱ ፊት ቲማቲም መሰለ። አፏን ከመክፈቷ በፊት ከመጋረጃው ማዶ የታናሺቱ ድምጽ መጣ፦

«ምርቃት ነው፣ ጋሼ! እህቴ የምትወደውን ደንበኛ ዝም ብላ አትሸኝም።»

ሰውየው እጁን አዲሱ ኪስ ውስጥ ከትቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ወጣ።